ሁለት መርፌ ያየች ልጅ

ዝናብ ባይዘንብ ኖሮ ነርሷ ወደዚያ ሱቅ አትገባም ነበር። እኔም መቀሱን አስረክቤ መንገዴን እቀጥል ነበር። ዝናቡ ሁለታችንንም አንድ ጣሪያ ሥር አዋለን፤ የምነግራችሁም ነገር ከዚያ ይጀምራል።

ሱቁ የልብስ ሰፊው ነው። አንድ ክፍል ብቻ ነው። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናው አለ፤ በመሃል የመቁረጫ ጠረጴዛው ቆሟል፤ ከጣሪያው ሥር ከግድግዳ ግድግዳ ሽቦ ተወጥሯል። ያለቀውም ያላለቀውም ልብስ እዚያ ላይ ይንጠለጠላል። እኔ መቀስና ቢላ እየሳልሁ የምኖር ሰው ነኝ። ትምህርቴ ማንበብና መጻፍ ላይ ቆሟል። ልብስ ሰፊው “ሞረድ” ብሎ ይጠራኛል። ብዙ ስለማልናገር “ሞረድ የሚጮኸው ብረት ሲያገኝ ነው” እያለ ያሾፍብኛል።

በዕድሜ ይበልጠኛል። ያኔ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖት ነበር፤ እሱ ግን አያምንም። የዛሬ ጨርቅ ቀለሙ የደበዘዘ ነው ይል ነበር እንጂ ዓይኔ ደክሟል አይልም። እጁ ግን ዓይን አለው። ጨርቅ በጣቶቹ መሃል አድርጎ ፈትሉ በየት በኩል እንደሚሄድ ይናገራል። ያቃተው አንድ ነገር ነው፤ ክር በመርፌ ማስገባት። ይህን የምትሠራለት የልጅ ልጁ ነበረች።

የልጅቷ እናት፣ የልብስ ሰፊው ልጅ፣ በሌላ ከተማ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ሕፃኗን ለሱ ትታ ነው የሄደችው። ስትወለድ በጣም ትንሽ ስለነበረች ሰፈሩ ሁሉ “ቅንጣት” ይላታል። ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በርጩማዋ ላይ ትቀመጥና አያቷ በማግስቱ የሚሠራባቸውን መርፌዎች ሁሉ ክር እያስገባች ታሰናዳለት ነበር፤ የነጩን ለብቻ፣ የጥቁሩን ለብቻ። ጨርቅ ላይ በጠመኔ የምታሰምረውም እሷ ነበረች። እሱ ጣቱን ያስቀምጣል፤ እሷ መስመሩን ትስባለች፤ እሱ በመቀስ ይከተላል። አንድ ሰው ነበሩ ማለት ይቻላል። እሱ እጅ፣ እሷ ዓይን።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ሊዘጋ ሲል ቅንጣት ክሩን ትስት ጀመር። አንድ ቀን “አባባ፣ መርፌው ሁለት ሆነብኝ” አለችው።

“እንግዲያው ሁለቱንም አስገቢልኝ፤ ሥራ ይቀለኛል” አላት።

ሳቅን። እሷም ሳቀች። ቆየት ብሎ የግራ ዓይኗ ወደ ውጭ መሸሽ ጀመረ። ትምህርት ቤት “ሸውራራ” ብለው ሲሰድቧት እያለቀሰች መጣች። ልብስ ሰፊው አሰበ፤ እንደ ልብስ ሰፊም አሰበ። የሚሸሽ ጨርቅ ተይዞ ይቆያል፤ ሲለምድ ይለቀቃል። ከአንዲት ሴት ካፖርት የተረፈ ጥቁር ከፋይ ነበረው። ከዚያ ላይ ቆርጦ፣ ገበር አልብሶ፣ ላስቲክ ሰፍቶ የዓይን መሸፈኛ አበጀላት። እውነቱን ለመናገር ሥራው ያማረ ነበር። ሸፈኑት፤ መርፌው አንድ ሆነ። ልጅቷ እንደ ድሮዋ ክር ማስገባት ጀመረች። ልብስ ሰፊው ለመጣው ለሄደው ሁሉ ልጁን በራሱ እጅ እንዳዳናት አወራ። ከጊዜ በኋላ የዚያ ዓይን ቆብ በራሱ ወረደና ዓይኑን ሸፈነው። በዚህ ጊዜ መሸፈኛውን አወለቀላት። “ዓይኑ ማረፍ ለመደ፤ ከእንግዲህ የኔን ከፋይ አይፈልግም” አለ።

ሰው የሚወደውን በገዛ እጁ አድኛለሁ ብሎ ሲያምን ያንን እምነት ከእጁ መቀማት ከባድ ነው። የሚያስረክበው እምነቱን ብቻ አይደለም፤ እጁንም ነው።

ነርሷ የገባችው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ወጣት ናት፤ ድምጿ ዝግ ያለ። በሆስፒታሉ የዓይን ክፍል እንደምትሠራ፣ ሁልጊዜ የምታሰፋበት ልብስ ሰፊ ሱቁን ዘግቶ እንዳገኘችው፣ ዝናቡም እንደያዛት ተናገረች። በፌስታል የጠቀለለችውን ነጭ የሥራ ካፖርት አውጥታ እጅጌው እንዲያጥርላት ጠየቀች። ቅንጣት ሜትሩን አምጥታ ሰጠቻት፤ በግራ እጇ። ነርሷ ሜትሩን ሳትቀበል የልጅቷን ፊት ስታይ ቆየች።

“የኔ ቆንጆ፣ ይሄ ዓይንሽ ከተዘጋ ቆየ?”

“አልተዘጋም፤ አርፏል” ብሎ ልብስ ሰፊው መለሰላት። የመሸፈኛውንም ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በኩራት ነገራት።

ነርሷ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ “አባባ፣ ቢፈቅዱልኝ ልያት” አለች። ፈቀደ፤ ደንበኛ ነችና። ቅንጣትን ወደ በሩ ብርሃን አቀረበቻትና በአውራ ጣቷ የወረደውን ቆብ ቀስ አድርጋ አነሳችው። እኔ ከጎን ቆሜ አየሁ። ዓይኑ ወደ ውጭና ወደ ታች ተጥሎ ቀርቷል። መሃሉ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ከሌላኛው ዓይን ይሰፋል። ነርሷ ጣቷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ አንቀሳቀሰች። የቀኙ ዓይን ተከተላት። የግራው እንደተጣለ ቀረ። ልብስ ሰፊው ከመኪናው ኋላ ተቀምጦ ወደኛ ይመለከት ነበር፤ ከዚያ ሆኖ ግን ይህን ማየት አይችልም።

ነርሷ መርፌ ከሚሰካበት ትንሽ ትራስ ላይ አንድ መርፌ ነቅላ ከልጅቷ ፊት ያዘች።

“ስንት ነው?”

“ሁለት።”

ቆቡን ለቀቀችው፤ ወረደ። “አሁንስ?”

“አንድ።”

“ሰማሽ? ሲያርፍ አንድ ነው” አለ ልብስ ሰፊው።

“አባባ፣ ሁለተኛዋን መርፌ አላጠፏትም” አለችው። “የምታያትን ዓይን ነው ያጠፉት።”

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ስለነበር ለጊዜው የሰማ አልመሰለኝም። ሰምቶ ነበር።

ረዘም ያለ ክርክር ሆነ። በመጀመሪያ ሟች ወንድሙን ጠቀሰ፤ ሸውራራ ሆኖ እንደኖረ፣ አግብቶ ወልዶ አርጅቶ እንደሞተ ነገራት። ነርሷ ወንድሙ ከተወለደ ጀምሮ እንዲያ እንደነበር ጠይቃ አረጋገጠች። ልዩነቱ እዚያ ላይ እንደሆነ አስረዳችው። ከልጅነት የመጣ ሸውራራነትም ቢሆን መታየት ያለበት ነው። ቀጥ ብሎ የኖረ ዓይን ሲዞር፣ ልጅ አንዱን ነገር ሁለት አየሁ ሲል፣ ቆብ ሲወድቅ ግን ዓይኑ የሚናገረው ስለ ራሱ ብቻ አይደለም፤ ከበስተኋላው ስላለው ነው።

“ከዓይን በስተኋላ ምን አለ?” አላት።

ነርሷ ወደ ስፌት መኪናው ተመለከተች። “ሲረግጡት መዘውሩን የሚያዞረው ምንድነው?”

“ቺንጋው ነዋ።”

“ቺንጋው ቢጎዳ መርፌውም ደህና፣ መኪናውም ደህና፣ ግን አይንቀሳቀስም። የሷም እንደዚያ ነው። ዓይኑ ደህና ነው። የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የሚመጣው ከአንጎል ነው። አንድ ነገር ተጭኖት ይሆናል፤ ወይም ነርቩ ላይ ራሱ አንድ ነገር በቅሎ ይሆናል።”

“ቺንጋ ሲላላ አጠብቀዋለሁ፤ ሲበጠስ እቀጥለዋለሁ። ይሄንን ማን ይቀጥለዋል?”

“ከተበጠሰማ ማንም። ሳይበጠስ ነው የሚደረስለት።”

ከዚያ የሚፈራውን አወጣው። “ጭንቅላቷን ይከፍቱታል?”

“አላውቅም፤ ሊከፍቱት ይችላሉ። ልዋሽዎ አልችልም።”

“ስሚ፣ ልጄ” አላት። ድምፁ ከፍ አላለም። “ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጨርቅ ተቀብያለሁ። አበላሽቼ የመለስኩበት ቀን የለም። ይህችን ልጅ እናቷ ሙሉ አድርጋ ነው የሰጠችኝ። በኔ እጅ ሳለች ተቀድዳ፣ ተጥፋ አላስረክባትም።”

“ሙሉ ናት ብለው ነው፣ አባባ?”

ይህ አስቆጣው። ካፖርቱ አርብ እንደሚደርስ ነገራት፤ ከዚያ በኋላ አላነጋገራትም። ነርሷ ዝናቡ ሳያባራ ወጣች። ከሄደች በኋላ የልጅቷ ዓይን ጣት አልተከተለም፣ በዓይኔ አይቻለሁ አልሁት።

“አንተ የምታውቀው ስለት ነው” አለኝ። “በዚያው ሳል።”

አርብ ሥራ ሳይኖረኝ ሄድሁ። ነርሷም መጣች። ካፖርቱን ለበሰችው። ልብስ ሰፊው እንደ ልማዱ ሥራውን ለመፈተሽ ሁለቱን እጅጌዎች በሁለት እጁ ያዘ። ጣቶቹን በጠርዙ ላይ አስኬደ። ተመለሰና እንደገና አስኬደ። የቀኙ እጅጌ ከግራው አጥሯል፤ ጠርዙም ቀጥ ያለ አልነበረም፤ ወርዶ ይወጣል።

“ይሄ የማን እጅ ነው?” አለ። ከዚያ መቀሱ የተከተለው የማንን መስመር እንደሆነ ራሱ አስታወሰ። “ቅንጣት፣ እንዴት ነው ያሰመርሽው?”

“ቀኝ እጄ ጠመኔውን ይጥለዋል” አለች ልጅቷ። “በግራዬም ሞክሬያለሁ።”

“በቀኝሽ አልነበረም እንዴ የምትጽፊው?”

“ነበር።”

እኔ ሜትሩን በግራ እጇ ስትሰጥ ማየቴ ትዝ አለኝ። እሱ ደግሞ ልጅቷ ሰሞኑን ግራኝ ሆናለች እያለ ይቀልድ ነበር። ነርሷ ካፖርቱን አወለቀች። ስለ እጅጌው ምንም አላነሳችም።

“አባባ፣ ሁለቱን አውራ ጣትዎን ይስጧት። እኩል ትጭመቃቸው።”

ሰጣት። ልጅቷ ጨመቀች። ፊቱን እያየሁ ነበር።

“እንደገና፣ የኔ እናት” አላት። “በደንብ።”

እንደገና ጨመቀች። ጥርሷን ነክሳ ነው የጨመቀችው። እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

“ይሄም ከዓይኗ ጋር ነው?” ብሎ ነርሷን ጠየቃት።

“ይመስለኛል፣ አባባ። ነርቩ ከአንጎል በሚወጣበት አጠገብ እጅና እግርን የሚያዘው መንገድ ያልፋል። የበቀለ ነገር ካለና እዚያ ከደረሰ . . .” አልጨረሰችውም።

ዓይን ሊያሳየው ያልቻለውን አውራ ጣቱ ነገረው። “ቅንጣት፣ ጫማሽን አድርጊ” አላት። መኪናውን ሸፈነ። ካውያውን ነቀለ። ሱቁን ሲቆልፍ ቁልፉ አልገባለት ስላለ እኔ ቆለፍሁለት። እስከዚያ ቀን ድረስ ቁልፉን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም።

ሐኪሞቹ የጭንቅላቷን ውስጥ በትልቁ መሣሪያ ፎቶ አነሱት። እናቷም ተጠርታ መጣች። ሐኪሙ አስቀምጦ ነገራቸው፤ እኔም በር ላይ ሆኜ ሰማሁ። ዓይንን በሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ልባስ ላይ ዕጢ በቅሏል። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ ቦታ አይዛመትም። ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። በልጆች ላይ እጅግ ብርቅ ነው፤ ይህን ሳያይ የሚያረጅ ሐኪም ብዙ ነው። ብርቅ መሆኑ ግን ለደረሰበት ሰው ምን ይረባዋል?

ልብስ ሰፊው ዕጢው ከበቀለ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ጠየቀ። ሐኪሙ በትክክል ማወቅ እንደማይቻል ነግሮት፣ ልጅቷ አንዱን ነገር ሁለት ማየት የጀመረችው መቼ እንደሆነ መልሶ ጠየቀው። ልብስ ሰፊው ነገረው። ሐኪሙ ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረ። ያኔ ቢመጡ ትንሽ ይሆን ነበር አለ። በየጊዜው ፎቶ እያነሱ መከታተል ወይም በጨረር ባለበት ማቆም ይቻል ይሆን ነበር። ዓይኗ ያኔም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ እጇና እግሯ ግን ባልተነኩ ነበር። አሁን አንጎሏን ተጭኗል፤ ያለ ቀዶ ጥገና መንገድ የለም። ሁሉንም ማውጣት አይቻልም፤ ዓይኗም አይመለስም።

ኮሪደሩ ላይ እናቷ አባቷን “አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?” አለችው። አልጮኸችም።

“ድናለች ብዬ ነበር” አላት።

ቁጣ ቢመጣ ይሻል ነበር፤ ቁጣ ማለቂያ አለው።

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ልጅቷ በሕይወት ወጣች። ከዕጢው ከፊሉ ቀረ። የግራ ዓይኗ እንደተዘጋ ነው፤ ቀኝ እግሯን ትጎትታለች፤ ቀኝ እጇ ማንኪያ ይይዛል፤ ከዚያ የቀጠነ ነገር ይጥላል። የቀረው መልሶ ያድግ እንደሆነ ሐኪሙን ጠየቅሁት። “እናያለን” አለኝ። እናቷ ሥራዋን ትታ ከአባቷ ዘንድ ገባች። አሁን በቤቱ ውስጥ ሁለቱ ስለ ጨርቅና ስለ ሳሙና ይነጋገራሉ። ስለዚያ ነገር አይነጋገሩም።

ነርሷ ልብስ ሰፊውን የዓይኑን ሞራ እንዲያስነሳ ብዙ ጊዜ ለመነችው። “ማየት ያለብኝ አልፎኛል፤ አሁን ምን ላይበት?” ይላት ነበር። እሷ ግን እንደገና መጣች፤ እንደገናም መጣች። በመጨረሻ ሌሎች ልጆች ወደዚህ ሱቅ ይገባሉ፣ ቢያንስ የነሱን ይዩ አለችው። በዚህ እሺ አለ። ፋሻው ሲፈታለት ቅንጣት ፊቱ ቆማ ነበር። ለረጅም ጊዜ ተመለከታት። “እንዲህ ነበር እንዴ” አለ።

ይህን ታሪክ የጻፍሁት ለሱ አይደለም፤ ለሱ የሚሆን ምክር የለኝም። የጻፍሁት ልጅ ላላቸው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ችግራችን የሚቃጠለው ምን እንደሚመስል አለማወቃችን ነው። ልጁ ሁለት አያለሁ ማለቱን ካቆመ ዳነ ማለት አይደለም። አንዱ ዓይኑ ሥራ ስለፈታ ሊሆን ይችላል።

በቅርቡ አንዲት እናት ለልጇ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ልታሰፋ መጣች። ልብስ ሰፊው የልጁን አንገት ሊለካ ሜትሩን ዘረጋ፤ ወዲያው አወረደው። ልጁ ራሱን ወደ አንድ ትከሻው ያዘነብላል። ልብስ ሰፊው ቀና አደረገው፤ ልጁ ተመልሶ አዘነበለ።

“አንገቱን እንዲህ ማዘንበል ከመቼ ጀመረ?”

“ልማዱ ነው፣ አባባ። ፎቶ የሚያነሱት ይመስለዋል” ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። “ቀና ስትል ምን ታያለህ?” ብሎ ልጁን ጠየቀው።

ልጁ እናቱን አየና “ነገር ይደራረባል” አለ።

ልብስ ሰፊው ሴትዮዋን አስቀመጣት። እኔ ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ልጆች ሁለት የሚያዩትን አንድ ለማድረግ ራሳቸውን እንደሚያዘነብሉ፣ አንድ ዓይናቸውን እንደሚጨፍኑ፣ ይህንንም እኛ ቅብጠት ብለን እንደምናልፈው ነገራት። ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ሆኖ እንደሚገኝና በመነጽር እንደሚስተካከል፣ ክፉ ሆኖ ቢገኝም ትንሽ ሳለ ከተደረሰበት ልጁ እጁንና እግሩን ይዞ እንደሚያድግ፣ እንደሚጽፍ፣ እንደሚሮጥ፣ እሷም እንቅልፏን እንደምትተኛ ዘረዘረላት። የዓይን ክፍሉ በየት በኩል እንደሆነና ነርሷን ምን ብላ እንደምትጠይቅም ነገራት።

ሴትዮዋ ወደ ጥጉ ተመለከተች። ቅንጣት እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር።

“የእርስዎ ልጅ ታክማ ዳነች?”

“አልዳነችም” አላት። “ዘግይቼ ነው የወሰድኳት። ለዚህ ነው የምነግርሽ።”

“ሸሚዙ ግን ለሰኞ ይፈለጋል።”

“ለሰኞ ይደርሳል። መጀመሪያ ይታይ። ሳይታይ አልለካውም።”

ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች፤ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ልብስ ሰፊው እስከ በሩ ተከትሎ ቆመ። በመንገዱ መጨረሻ ወደ ሆስፒታሉ በኩል እስኪታጠፉ ድረስ አያቸው። ከዚያ ገብቶ መኪናው ላይ ተቀመጠ፤ መርገጫውን ግን አልረገጠም።

“አባባ” አለች ቅንጣት፣ “ያ ልጅ ይድናል?”

“እሱ ሳይዘገይ ነው የሄደው” አላት።